ቤት ውስጥ ማስተማር በጅማ፦ የቤት ሥራው ይቆይ፣ ንባቡ ይቅደም

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱ በወጣ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ይህን የሰማ ወላጅ ወዲያው የሚያስበው ልጁን ስለ ማስጠናት ነው። ጅማ ውስጥ አመሻሹ ላይ ደብተር ይዞ ከቤት ቤት የሚዞረው አስጠኚም፣ አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሚቀጠረው በዚሁ ስጋት ነው።

ችግሩ ግን የሚጀምረው ከታች ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚደርሱት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የቤት ጥናት 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ላይ መጀመሩ ለምን ብዙም እንደማይጠቅም ይገባዋል።

ትምህርት ቤት ጨርሶ ሳይገባ ቤቱ ብቻ የሚማር ልጅ በእኛ አገር ብርቅ ነው። የተለመደው ሌላ ነው፦ የኬጂ ክፍያ ከብዶ እስከ 1ኛ ክፍል ቤት የሚቆይ ሕፃን አለ፤ በፈረቃ ተምሮ ግማሹን ቀን ቤት የሚውል አለ፤ ክረምቱን ሙሉ ቤት የሚከርም አለ። በሦስቱም ቤት ወላጅ በቀን ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ያህል ማግኘት ይችላል። ያቺ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ የምታልቀው የቤት ሥራ በመገልበጥ ነው። የቤት ሥራው ትምህርት ቤት የተማረውን ለማጠናከር የሚሰጥ ነው፤ ልጁ ጥያቄውን ራሱ አንብቦ ካልተረዳው ምኑ ይጠናከራል? ስለዚህ እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ የቤቷ ሰዓት ቢያንስ ግማሿ ለንባብ ብትውል ይሻላል። የቤት ሥራ ሳይሠራ የሄደን ልጅ መምህሩ አንድ ቀን ይቆጣው ይሆናል፤ ማንበብ ሳይችል 5ኛ ክፍል የገባ ግን በየትምህርቱ ይወድቃል።

መጀመሪያ ልጁ ያለበትን ማወቅ

«ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ ልጅ ብዙ ነው፤ ወላጅም በዚህ ይታለላል። ልጁ የሚያስታውሰው ዜማውን እንጂ ቅርጹን ላይሆን ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የሳሙና ወይም የብስኩት ካርቶን በ5 ሳንቲ ሜትር በ5 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ 20 ካርድ ማዘጋጀት፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል በማርከር ወፍራም አድርጎ መጻፍ፣ ደባልቆ አንድ በአንድ ማሳየት። ልጁ «ቤ»ን ሲያይ ከንፈሩ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ…» እያለ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እየቆጠረ ነው፣ እያነበበ አይደለም። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያላለውን ፊደል እንዳላወቀው ቆጥሮ ለብቻ ማስቀመጥ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር ድሮ አውቀውታል፤ አቡጊዳም ለዚሁ ይረዳል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ቤቱም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚቀያየር «ሀ ሁ» በዜማ መሸምደዱ ብቻ አያዋጣም። ገበያ ከሚሸጠው የፊደል ገበታ ጎን አቡጊዳውን በእጅ ጽፎ መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም፤ እንግዳ ፊደል መለየትን እንዲህ የሚፈትን ሌላ ነገር ለማግኘት ያስቸግራል።

በአሥራ ሁለት ፊደል መጀመር

33ቱን ቤቶች ከእነ ሰባት ሰባት ድምፃቸው በተራ ማስተማር ልጁን 231 ቅርጽ ያሸክመዋል፤ አንዲት ቃል ለማንበብም ወራት ያስጠብቀዋል። ሌላ መንገድ አለ። አራት ቤቶችን፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ሰ» እና «መ»ን፣ መውሰድ፤ ከእያንዳንዳቸውም ግዕዙን፣ ራብዑንና ሳድሱን ብቻ፦ በ ባ ብ፣ ለ ላ ል፣ ሰ ሳ ስ፣ መ ማ ም። አሥራ ሁለት ፊደል ነው። ከእነዚህ ብቻ ላም፣ ስም፣ ልብ፣ ልብስ፣ ሰላም፣ በለስ፣ መልስ፣ ሳማ፣ ማማ፣ ለምለም፣ በላ፣ ሰማ፣ ለበሰ፣ በሰለ፣ ሰበሰበ ይወጣሉ። «ለማ በለስ ሰበሰበ፤ በለስ በላ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ይነበባል። በቀን ሁለት አዲስ ፊደል፣ በሳምንት አራት ቀን ቢባል፣ ክለሳውን ጨምሮ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ዓረፍተ ነገር አነበበ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማባበል ያንሳል።

ሳድስ ቶሎ የሚገባበት ምክንያት አለው። አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በጣም የሚበዛው እሱ ነው፤ ቅርጹም ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሥርዓት የለሽ ነው። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፣ ሳልስ እግሩ ሥር፣ ኃምስ እግሩ ሥር ቀለበት ያበጃል፤ ልጁ በሁለት ሦስት ቤት ካየው የቀረውን ራሱ ይገምታል። «ል»፣ «ብ»፣ «ም»፣ «ን»፣ «ት»፣ «ር» ግን እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ በቃል ከመያዝ ውጭ አማራጭ የለም። በገበታው ተራ ከተሄደ የሚደረስባቸው ሁልጊዜ ስድስተኛ ሆነው ነው፣ ልጁ ሲደክመው።

ሁለተኛው ዙር ላይ «ተ»፣ «ነ»፣ «ከ» እና «ረ» ይጨመራሉ፤ ከዚያም «ቤት»ን ለማንበብ ኃምሱ። «ረ» እና «ፈ» ጭረታቸው ከሌሎቹ ስለሚለይ ሁሉንም ድምፃቸውን በአንዴ ማምጣት አያስፈልግም። ባርኔጣ የደፉት፣ «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ዠ»፣ «ጀ»፣ እንዲሁም እግሩ ላይ ቀለበት ያለበት «ጨ»፣ ከየእናታቸው አጠገብ ሲቀመጡ በቀላሉ ይያዛሉ። «ሐ»፣ «ኀ»፣ «ሠ»፣ «ዐ»፣ «ፀ» የመጨረሻዎቹ ይሁኑ፤ ማንበብ ለሚጀምር ልጅ አዲስ ድምፅ አይጨምሩለትም።

የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። «ባ» እና «ቦ» የመስታወት ምስል ናቸው፦ አንዱ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ሌላው ግራው። «ሳ»ና «ሶ»፣ «ካ»ና «ኮ»ም እንደዚያው። ስለዚህ ሳብዑን ከራብዑ ቢያንስ በሦስት ሳምንት አርቆ ማስገባት ነው። «ለ» እና «ሰ»ም በአንድ ቀን አይገቡም፤ ከሁለቱ አንዱ ሳይጸና ሌላው ከመጣ ልጁ ሁለቱንም ይጥላል። ሲሳሳት «አይደለም!» ብሎ ከመጮህ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነታቸው የት ነው?» ማለት፣ በጣቱም እንዲያሳይ ማድረግ ይጠቅማል።

አንድ ነገር እንደ ስሕተት አይቆጠር። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» ብቻቸውን ሲታዩ አዋቂም ሁለት አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል። ልጁ አላልቶ ማንበብ የነበረበትን አጥብቆ ካነበበ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ጨርሶ «ምን ማለት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያርመዋል። ካላረመው ችግሩ ፊደል ሳይሆን ትርጉም አለመከተል ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው፤ እሱም ጮክ ብሎ ለልጁ ማንበብ።

ፊደል፣ ቁቤ፣ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ

የጅማ ልጅ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ የሚማረው ልጅ ኦሮምኛን እንደ አንድ ትምህርት ይወስዳል፤ በኦሮምኛ የሚማረውም አማርኛ ይጠብቀዋል፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም አለ። ጠዋት ወይም ቅዳሜና እሑድ ቁርአን ቤት የሚሄደው ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ አራተኛ ጽሕፈት ይጨምራል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ በአንድ ሳምንት አራት ዓይነት ጽሕፈት ያያል።

ልጆች ብዙ ቋንቋ መያዝ አይከብዳቸውም። የሚያምታታው አንድ ቅርጽ ሁለት ድምፅ ሲኖረው ነው። ቁቤ እና እንግሊዝኛ በላቲን ፊደል ቢጻፉም ድምፃቸው አይገጥምም፦ «ሲ» የምንለው ፊደል በቁቤ «ጭ» ነው፣ «ኪው» «ቅ»፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። ቁቤ የለመደ ልጅ ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ጨት» ብሎ ቢያነበው (በጅማ ሳቅ መፍጠሩ አይቀርም) የተማረውን በትክክል ሠርቶበታል። ወላጁም ከዚህ አያመልጥም። ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ ሆኖ በይፋ የተመረጠው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተማረ አባት ወይም እናት ላቲኑን የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ድምፅ ነው፤ ልጁን «ሲያርሙ»ም ትክክል የነበረውን ያበላሻሉ። እንዲህ ባለ ቤት ቁቤውን ለታላቅ ወንድም ወይም እህት መተው ይሻላል።

አማርኛ ተናጋሪው ልጅ በቁቤ ሲጽፍ የሚደጋግመው ስሕተት የድምፅ ርዝመት ነው። ኦሮምኛ ውስጥ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ ሁለቴ ይጻፋል፤ ተነባቢውም ሲጠብቅ እንዲሁ። መሬት የሚለውና ለስላሳ የሚለው ቃል የሚለያዩት በርዝመት ብቻ ነው። ልጁ ልዩነቱን በጆሮው ሳይለይ በእጁ አይጽፈውም። ስለዚህ ከመጻፉ በፊት ቃሉን ሲሰማ ለአጭሩ አንዴ፣ ለረጅሙ ሁለቴ ያጨብጭብ።

መፍትሔው ቀኑን መለየት ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ፊደል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ቁቤ። ደብተሩም በሽፋን ቀለም ይለይ፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ አይገናኙ። ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ትምህርት ቤት የሚያስተምርበት ቋንቋ ነው፤ በአንድ ጽሕፈት ማንበብ የገባው ልጅ ሁለተኛውን በአጭር ጊዜ ይይዘዋል፣ ፊደል ድምፅ መሆኑን ሁለቴ መማር አያስፈልገውምና። እንግሊዝኛው የመጀመሪያው ጽሕፈት እስኪጸና በቃል ብቻ ቢሄድ ምንም አይጎድልበትም፦ የዕቃ ስም፣ ቀለም፣ አጫጭር ትእዛዝ። ትምህርት ቤቱ መጻፍ ከጠየቀ ይጻፍ፤ ቤት ውስጥ ግን አይጫን። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ አይስማማም፤ እንግሊዝኛ በጠዋቱ ካልተጀመረ ልጁ የሚቀር ይመስለዋል። 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚቸገሩት ግን በየትኛውም ቋንቋ አንብበው መረዳት ያልለመዱት ናቸው። ቁርአን ቤት ለሚሄደው ደግሞ በአማርኛ ደብተሩ በእያንዳንዱ መስመር ግራ ጫፍ ላይ ነጥብ ማድረግ የት መጀመር እንዳለበት ያስታውሰዋል።

ሰዓቱ፣ መቀመጫው፣ ዝናቡ

ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጅ 40 ደቂቃ በአንድ መቀመጫ አይሆንም፤ ሃያ ሃያ ሆኖ ይከፈል፣ መሐሉ ላይ ልጁ ወጥቶ ይሩጥ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። በከሰዓት ፈረቃ ለሚማር ልጅ ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ተምሮ የተመለሰ ልጅ ደክሞታል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቃው ጆሮ ለጆሮ እንኳ መስማት አይቻልም፤ «ብ»ን ከ«ጵ» መለየት ይቅርና። ያን ጊዜ ንባብን አቁሞ ወደ ጽሕፈትና ወደ ሒሳብ መዞር ነው።

የጅማ በርጩማ ለቡና እንጂ ለጽሕፈት አልተሠራም። ልጁ በርጩማ ላይ ሆኖ ደብተሩን ጭኑ ላይ ሲያስቀምጥ ጎንበስ ይላል፣ እጁ ይደክማል፣ ፊደሉም ይንጋደዳል። በርጩማው መቀመጫ ይሁን፤ ፊቱ ደግሞ ክርኑ የሚያርፍበት ከፍታ ያለው አግዳሚ ወይም ሣጥን ይደረግ። ገጽ ሙሉ ማስገልበጥ አይጠቅምም፤ በስድስተኛው መስመር ላይ ያለው «መ» ከመጀመሪያው የባሰ ነው። አምስት ጊዜ ጽፎ የትኛው እንደሚያምር ራሱ ይምረጥ።

ሒሳብ በቡና ፍሬ

ለሒሳብ የሚያስፈልገው ዕቃ እያንዳንዱ የጅማ ቤት ውስጥ አለ፦ አንድ ኩባያ ጥሬ ቡና፣ አሥር ሲኒ እና አንድ ሳህን። በእያንዳንዱ ሲኒ አሥር ፍሬ ይገባል፤ አሥር ሲኒ ሳህኑ ላይ ሲገለበጥ መቶ ይሆናል። (ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በቤቱ ካለ ፍሬው ተቆጥሮ ይመለስ፤ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።)

32 ሲቀነስ 17 ስንት ነው ሲባል 25 ብሎ የሚጽፍ ልጅ አልሰነፈም፤ ከሁለቱ አኃዞች ትልቁን ፈልጎ ትንሹን ቀንሷል፣ ከ7 ላይ 2፣ ከ3 ላይ 1። «ተበደር» የሚለው ትእዛዝ አይገባውም፤ ከማን እንደሚበደር አላየምና። አሥር አሥር ፍሬ የያዙ ሦስት ሲኒዎች እና ሁለት ፍሬ ይቀመጥለት። 17 አንሣ ይባል። ከሁለት ፍሬ ሰባት ማንሣት እንደማይችል ራሱ ያያል፤ አንዱን ሲኒ ይገለብጣል፤ ፍሬው 12 ይሆናል፤ ሰባት ሲያነሣ 5 ይቀራል፤ ከቀሩት ሁለት ሲኒዎች አንዱን ሲያነሣ አንድ ሲኒ። 15። ይህን በፍሬ ለአንድ ሳምንት ሠርቶ ከዚያ ጎን ለጎን በጽሑፍ፣ መጨረሻ ላይ በጽሑፍ ብቻ። ሲኒውን ቶሎ የነጠቁት ልጅ ወደ 25 ይመለሳል።

ቁጥር በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይቆጠር። «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» አሥሩንና አንዱን በግልጽ ያሳያል፤ የኦሮምኛውም እንዲሁ። እንግሊዝኛው 11 እና 12 ላይ ይህን ስለሚደብቅ ለማስረዳት አይመችም። 3ኛ እና 4ኛ ክፍል ለደረሰው ፈረሱላ ጥሩ የማባዣ ጥያቄ ነው፦ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ከሆነ ሦስት ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው? 10 ሲባዛ በ3፣ 7 ሲባዛ በ3፣ 30 እና 21፣ 51። የሰዓት ነገርም እዚህ ይነሣል፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ 8 ሰዓት ሲል ቤቱ ጠዋት 2 ሰዓት ይላል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች በሰዓቱ ፊት ላይ ሁልጊዜ ትይዩ ናቸው፤ ልጁ ይህን አንዴ ካየ አይረሳውም።

የቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በየወረዳው ብዙ ልጆች ከክፍል ይጎድላሉ። በዚያን ጊዜ አዲስ ትምህርት መጀመር ከንቱ ነው፤ ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ የታወቁትን ካርዶች ማዞርና አንድ ገጽ ማንበብ ያለውን ያቆይለታል።

አስጠኚ የሚቀጥር ወላጅ

የአስጠኚውን ሥራ በደብተሩ መለካት ያታልላል። የቤት ሥራው ሁሉ «ራይት» ሆኖ ሲመጣ የማን ራይት እንደሆነ አይታወቅም። ስምምነቱ ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን፦ ከአንድ ሰዓቱ ግማሹ ልጁ ጮክ ብሎ የሚያነብበት ነው፣ የቤት ሥራውን እርሳስ የሚይዘው ልጁ ብቻ ነው፣ የተሳሳተው አይታረምለትም፣ መምህሩ እንዲያየው ይተዋል። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጁ ልጁ ካላነበበው ገጽ 40 ቃል ያህል ያስነብባል። ከአራት በላይ ከተሳሳተ መጽሐፉ ከብዶታል፤ አንድ ክፍል ዝቅ ይባል። ሳይሳሳት ጨርሶ ምን እንዳነበበ መናገር ካልቻለ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንስ። አማርኛ ማንበብ የማይችል ወላጅም ይህን የመጨረሻውን ማድረግ ይችላል፤ ልጁ ካነበበ በኋላ «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ፊደል አይጠይቅም።

መጽሐፍ ያልደረሰው የመማሪያ መጽሐፉን ቅጂ በቴሌግራም ያገኛል። ሲወርድ ሁለት ነገር ይታይ፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተዘረጋው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሆኑ፣ እና የኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ መሆኑ። የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ መጻሕፍትን የሚያዘጋጀው እያንዳንዱ ክልል ነው፤ የአዲስ አበባው መጽሐፍ ቢያምርም ምዕራፉ አይገጥምም፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪም ክልላዊ ነው።

ቤት ውስጥ ቢማርም የትምህርት ቤት ምዝገባው አይቋረጥ። የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ የሚመዘገበው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው፤ መሐል ላይ ዓመት የጎደለበት ልጅ ወደየትኛው ክፍል እንደሚገባ ማስረዳት የወላጁ ዕዳ ይሆናል። የየዓመቱ የውጤት ካርድ፣ ትምህርት ቤት ሲቀየር የሚሰጠው መልቀቂያ እና የልደት ምስክር ወረቀት በአንድ ፌስታል ታስረው፣ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ። መልቀቂያው ላይ የልጁና የአባት ስም አጻጻፍ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር መግጠሙን እዚያው ቢሮው ውስጥ ማየት ይገባል፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ በሁለት ዓይነት የተጻፈ ስም ወይም በቁቤ ሲገለበጥ ፊደል የጎደለው ስም የሚታወቀው ለፈተና ሲመዘገብ፣ ማስተካከያ ጊዜው ሲጠብ ነው።